በአሜሪካን ሪቨር ወርቅ ማጠብ፦ ሳህኑ ላይ ጥቁር አሸዋ ብቻ ለሚቀርበት ጀማሪ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ነው። ለመዝናኛ ወርቅ ማጠብ ጀምሬ 14 ኢንች አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህንና አካፋ ገዛሁ። ኦበርን አጠገብ ወዳለው የአሜሪካን ሪቨር ዳርቻ ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። ከውኃው ዳር ያለውን አሸዋ ሞልቼ ሳጥብ መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋና የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነገር ይቀራል፤ ቢጫው ግን ደመና ሲመጣ ይጠፋል። ባለፈው ደግሞ ብር የሚመስል አንዲት ፍሬ አገኘሁ። ጥፋቱ የአጠባዬ ነው ወይስ የቦታው? ስሉስ (ውኃ እያሳለፉ አፈር የሚያጥቡበት ረጅም ሳጥን) ልግዛ? የአያቴ አገር አሶሳ በእንጨት ገበቴ ሲያጥቡ ይህን ያህል ሲቸገሩ አላየሁም።»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት ስለዚያች ብር መሳይ ፍሬ ልናገር፤ ምክንያቱም ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው፣ ይህኛው ግን ጤና ያስከፍላል። ፍሬዋን በምንም ዓይነት እሳት አያስነኳት፤ ምድጃም፣ ላይተርም፣ መበየጃም አያቅርቡባት። ከ1848 በኋላ ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የጎረፉት ወርቅ ፈላጊዎች ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ በማጠቢያ ሳንቃዎቻቸው ላይ ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃ ያፈሱ ነበር። ብዙው ከሳን ሆዜ አጠገብ ካለው የኒው አልማደን ማዕድን የወጣ ነው። ከፈሰሰው ላይ ትንሽ የማይባለው እየሾለከ ወንዝ ገባ፤ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ተራራ መናድ በ1884 በፍርድ ቤት ውሳኔ ከታገደ ከ140 ዓመት በኋላም በስንጥቆች ሥር ተኝቶ ይገኛል። ወርቅ ሲነካው ይለብሰውና ነጭ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፍሬ ያሞቀ ሰው የሚተነፍሰው የባዜቃ እንፋሎት ነው። ሽታ የለውም፣ ሳንባን ያቃጥላል፣ ነርቭንና ኩላሊትንም ይጎዳል።

ምንነቷን ለማወቅ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ውኃ ውስጥ ይጫኗት። እየተንከባለለች ተከፋፍላ መልሳ የምትገጥም ከሆነ ንጹሕ ባዜቃ ናት። ለስላሳና ግራጫ ሆና ከተጨፈለቀች ምናልባት የዓሣ አጥማጆች እርሳስ ትሆናለች። ሽፋኗ ሲፈገፈግ ቢጫ ብቅ ካለ ባዜቃ የለበሰ ወርቅ ነው። የመጀመሪያዋም ሆነ የመጨረሻዋ ከሆነች ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በውኃ ሸፍነው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ካውንቲዎ አደገኛ የቤት ቆሻሻ ወደሚሰበስብበት ጣቢያ ይውሰዷት። አንዳንድ ሰዎች በናይትሪክ አሲድ ማጽዳት ይቻላል ይሏችኋል፤ ይቻላል፣ ግን የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ የሚቀረው ፈሳሽም እንደዚያው፤ ስለዚህ የቤት ሥራ አይደለም። የጋብቻ ቀለበትዎንም ወንዝ ሲወርዱ ቤት ይተዉት። አንዲት የባዜቃ ጠብታ ከነካችው ይነጣል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ ጥቁር አሸዋው ሳህንዎ ላይ መቅረቱ አጠባዎ ያን ያህል መጥፎ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ጥቁር አሸዋ በአብዛኛው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ሲሆን ከውኃ 5.2 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ንጹሕ ወርቅ 19.3 ጊዜ ይከብዳል። ቀለል ያለውን ማስቀረት የቻለ እጅ ከባዱን ሊጥለው የሚችለው ወርቁ እጅግ ሲደቅ ብቻ ነው። ጥፋቱ እንግዲህ በአብዛኛው የቦታው ነው፤ በተለይም «ከውኃው ዳር ያለውን አሸዋ» ያሉት ነገር።

ወንዙ ያንን አሸዋ እዚያ ያስቀመጠው ኃይሉ በደከመበት ሰዓት ነው። እኩል መጠን ያለው፣ ለእግር የሚመች፣ ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ በቀስታ ውኃ ተበጥሮ የመጣ ቀላል ነገር ነው፤ ወርቅን ከቦታው ለማንሳት አቅም ያልነበረው ውኃ ወርቅ ይዞ ሊመጣ አይችልም። ወርቅ የሚጓዘው በክረምት ደራሽ፣ ድንጋይ ከሥር ሲንኳኳ በሚሰማበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜም እንደ አሸዋው በወንዙ ስፋት አይበተንም፤ አጭሩን መስመር ይዞ ከአንዱ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን ወደ ሚቀጥለው መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን ይሄዳል። ፍጥነቱ ድንገት በሚቀንስበት ስፍራ ይወድቃል፦ ከትልቅ ቋጥኝ በስተታች በኩል፣ ጠባቡ ሸለቆ በሚሰፋበት አፍ ላይ፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን በተከመረው ኮረት የላይኛው ጫፍ ላይ። ከወደቀ በኋላም ጎርፍ ጠጠሩን ባንቀጠቀጠው ቁጥር ወደ ታች መስመጡን አያቆምም፤ የሚያቆመው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ነው፣ ይኸውም የሥር አለት ወይም እንደ ወለል የጠነከረ ሸክላ አፈር።

ስለዚህ የሚፈልጉት መልክ የተለየ ነው። ጡጫ የሚያካክሉ የተሞረዱ ድንጋዮች ከጠጠርና ከሸክላ ጋር ተጣብቀው የጠነከሩበት፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀለም ያለበት ቦታ ይፈልጉ። አሮጌ ሚስማር፣ ብሎን ወይም የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ካገኙ ደስ ይበልዎት። ከባድ ነገሮች በአንድ ሰፈር ይከማቻሉ፤ እርሳስ ያቆመው ስፍራ ወርቅንም ያቆማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በበጋው መጨረሻ ውኃው ሲጎድል የሚገለጠው የሥር አለት ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ከውኃው አካሄድ ጋር ተያይዞ የሚሮጥ ከሆነ ጎርፍ ይጠርገዋል፤ ወንዙን አቋርጦ የተኛ ስንጥቅ ግን እንደ እርከን ሆኖ ይይዛል። ከላይ ያለውን ልቅ አሸዋ ጥለው ወደ ሥሩ ይግቡ። የስንጥቁ የመጨረሻ ማንኪያ ሙሉ ጭቃ ከላይ ካለው ሙሉ ሳህን ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ጣቱ ሲደክም የሚያቆመው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ሲደርስ ነው። ጎንና ጎኑን በእጅዎ ውኃ እየረጩ ወደ ሳህኑ ያውርዱት።

«ጣቱ» ያልኩት አለምክንያት አይደለም። አካፋው ቤት ይቅር። ኦበርን አጠገብ ያለው የወንዙ ክፍል የግዛቱ የመዝናኛ ስፍራ ነው፤ በካሊፎርኒያ የግዛት ፓርኮች ደንብ ደግሞ በተፈቀደ ቦታ ወርቅ የሚታጠበው በእጅና በሳህን ብቻ ነው። አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ዲጂኖ፣ ዊንዲቨር፣ ስሉስ ሁሉም ክልክል ናቸው። በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የማዕድን መጠን 15 ፓውንድ ማለትም 6.8 ኪሎ ያህል ነው። ያደፈረሱት ውኃ ከሚያጥቡበት ከ20 ጫማ፣ ከ6 ሜትር ያህል ርቆ ከታየ ወንዙን እንዳወኩ ይቆጠራል። ያገኙትንም ለንግድ ማዋል አይፈቀድም። በዚያው ወንዝ ደቡባዊ ቅርንጫፍ፣ በጥር 1848 ጄምስ ማርሻል ወርቅ ባየበት በኮሎማ ያለው ታሪካዊ ፓርክም በእጅና በሳህን ብቻ፣ ያውም በተወሰነው ዳርቻ ላይ ነው የሚያስተናግደው። ሁልጊዜ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ፤ የሚዘጉ ዳርቻዎች አሉ። ደንቡ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን ሺህ ሰው በአካፋ ቢወርድበት ያ ዳርቻ በአንድ በጋ ጉድጓድ ብቻ ይሆን ነበር። ዛፍ ሥርና የወንዙን ግድግዳ በእጅም ቢሆን አይቦርቡሩ።

አሁን ስለ አጠባው። ሳህኑን እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሙሉት፤ አፍ እስከ አፍ የተሞላ ሳህን አይንቀጠቀጥም። ውኃው ቢያንስ አንድ ጫማ ጥልቀት ያለው፣ በቀስታ የሚሄድ ይሁን፤ የቆመ ውኃ ወዲያው ደፍርሶ ሳህንዎን ከዓይንዎ ይሰውረዋል። ሳህኑን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አድርገው ጭቃውን እንደ ሊጥ ይሹት። ይህን ደረጃ ጀማሪ ሁሉ ይዘለዋል። ያልሟሟ የሸክላ ጓል እየተንከባለለ ወርቁን በላዩ ለጥፎ ይዞት ይወጣል። ጭቃው ሲያልቅ ትልልቁን ድንጋይ አንድ በአንድ እዚያው እያጠቡ ይጣሉ።

ቀጥሎ ሳህኑን ውኃ ውስጥ አግድም ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ በኃይል ያንቀጥቅጡት። ወርቅን ወደ ታች የሚያወርደው ይህ ነው፤ የሚቀጥለው መቅዘፍ፣ ማለትም ሳህኑን አዘንብሎ ውኃ ውስጥ እየነከሩ መሳብ፣ ቀላሉን ማስወገጃ እንጂ ወርቅ ማግኛ አይደለም። ውኃ ውስጥ መሆኑም ምክንያት አለው። በአየር ላይ ወርቅ ከተራ የኳርትዝ አሸዋ 7 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ውኃ ውስጥ ግን ሁለቱም በያዙት ቦታ ልክ ክብደት ስለሚቀንስላቸው ልዩነቱ ወደ 11 እጥፍ ይሰፋል። ካንቀጠቀጡ በኋላ እርከን ያለበትን ጎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው፣ ከንፈሩን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ወደ ራስዎ ይሳቡት። ውኃው ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ጠርጎ ይሂድ። ሦስት አራት ጊዜ ከቀዘፉ በኋላ ሳህኑን መልሰው አግድም አድርገው እንደገና ያንቀጥቅጡ። መቅዘፍ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መቅዘፍ፣ ማንቀጥቀጥ። መቅዘፉ ብቻውን ከቀጠለ ከሥር ያለው ቀስ በቀስ ወደ ከንፈሩ ይወጣና ወርቁ አብሮ ይፈስሳል፤ የብዙ ጀማሪ ኪሳራ ይህ ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጥቁር አሸዋ ሲቀር ወንዙ ላይ ለመጨረስ አይጣደፉ። ለማየት ብቻ አንድ ስኒ የማትሞላ ንጹሕ ውኃ ጨምረው ሳህኑን በቀስታ ያሽከርክሩት፤ አሸዋው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ወርቁ ከኋላ ጅራት ሆኖ ይቀራል። ጅራቱ ላይ ስንት ፍሬ እንዳለ ቆጥረው በማስታወሻ ይጻፉ፤ ከዚያ አሸዋውን ወደ ጠርሙስ ይገልብጡት። ደቃቅ ወርቅ አንዳንዴ በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ምክንያቱ የውኃው ገጽ ውጥረትና የእጅ ቅባት ነው፤ ጣትዎን ሲነክሩት ይሰምጣል። ቤት ውስጥ ሲያጥቡ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ወንዝ ውስጥ ግን ሳሙና አይጨምሩ። አዲስ የፕላስቲክ ሳህንም ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በሳሙናና በደቃቅ አሸዋ ፈግፍገው ይጠቡት።

አጠባው ላይ ያለዎትን ጥርጣሬ በአንድ ምሽት ሊያስወግዱት ይችላሉ። ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ ገዝተው አሥሩን በመዶሻ ጨፍልቀው የሩዝ ግማሽ በሚያህል ይቁረጧቸው። ከተራ አሸዋ ጋር ሳህኑ ውስጥ ቀላቅለው ከሥር የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አድርገው ያጥቡ። እርሳስ ከውኃ 11.3 ጊዜ ይከብዳል፤ ከወርቅ በጣም ስለሚቀል ለመያዝ ይቸግራል። ከአሥሩ ዘጠኝ ወይም አሥር ካስቀሩ ወንዝ ላይ ወርቅ አያመልጥዎትም። ስድስት ብቻ ከቀሩ የጠፉትን ከገንዳው ፈልገው መቼ እንደወጡ ይመርምሩ፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ «ሳላንቀጠቅጥ ብዙ ቀዘፍኩ» የሚል ነው። ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ፣ ገንዳውንም ለልብስ አይመልሱት።

ደመና ሲመጣ የሚጠፋው ቢጫ ነገር ሚካ ነው። ሚካ ብርሃን በተወሰነ አቅጣጫ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ይፈነጥቃል፣ ጥላ ሲሆን ይሞታል፣ ውኃው ሲነቃነቅም እንደ ቅጠል ይነሳል። ወርቅ አያብለጨልጭም፤ በፀሐይም በጥላም አንድ ዓይነት ጽኑ ቢጫ ነው፣ ሌላው ሲሄድ እሱ ይቀራል። በመርፌ ጫፍ ሲጫኑት ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም። ፓይራይት የተባለው ሌላ አሳሳች ግን ተሰባብሮ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። አንድ ጊዜ እውነተኛውን ያየ ዓይን ዳግም አይሳሳትም። ስለዚህ «ይህ ወርቅ ይሆን?» እያሉ ረጅም ጊዜ የሚጠራጠሩበት ነገር ባብዛኛው ወርቅ አይደለም።

ቤት ሲገቡ ጥቁሩን አሸዋ በሁለት ወንፊት ይለዩት፤ 20 ቀዳዳ በኢንች ያለውና 40 ያለው ይበቃሉ። እያንዳንዱን መጠን ለብቻው ማጠብ ሥራውን በግማሽ ያቀልለዋል፤ ምክንያቱም ትልቅ ጥቁር አሸዋ ከትንሽ ወርቅ ጋር ሲሆን እኩል ስለሚከብድ አይለያይም። ማግኔቱን ሁልጊዜ በስስ ፌስታል ጠቅልለው ይጠቀሙበት፤ አለበለዚያ አሸዋውን ከላዩ ለማራገፍ ቀኑ ይመሻል። አሸዋው ደርቆ ሳለ ወይም ውኃ ውስጥ ሆኖ ከላይ ከላይ ያስጠጉት እንጂ ውስጡ አይክተቱት፤ የማግኔታይቱ ጠጕር ወርቁን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ያነሳውን ሌላ ሳህን ላይ ጥለው ሁለተኛ ያንሱት። የቀረውን ወርቅ በመምጠጫ ጠርሙስ እየሳቡ ውኃ በሞላ ትንሽ ብልቃጥ ያጠራቅሙ። ብልቃጡ መስታወት ከሆነ በጠጠር ላይ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ፤ የአንድ በጋ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው።

ስሉስ ይግዙ ወይስ አይግዙ? አሁን አይግዙ። ኦበርን ላይ ክልክል ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስሉስ ብዙ አፈር የሚያሳልፍ መሣሪያ እንጂ ወርቅ የሚፈልግ አይደለም። ሳህን ላይ ምንም ያልታየበትን አፈር በስሉስ ማሳለፍ ምንም የሌለበትን አፈር በፍጥነት ማጠብ ነው። ቦታ የሚመረጠው በሳህን ነው፦ አንድ ቀን ሙሉ አምስት የተለያዩ ስፍራዎችን ይምረጡ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሳህን ብቻ ያጥቡ፣ ፍሬውን ቆጥረው ይጻፉ፣ በማግሥቱ የተሻለው ላይ ይቀመጡ። ወደ ፊት በእነ ታሆ እና ኤልዶራዶ ብሔራዊ ደኖች ውስጥ ስሉስ የሚቻልባቸው ቦታዎች ሊያገኙ ይችላሉ፤ የደኑን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፣ የፌዴራሉን የመሬት አስተዳደር ቢሮ መዝገብም ይመልከቱ። በ1872 የማዕድን ሕግ መሠረት ወርቅ ያለበት ብዙ መሬት በግለሰቦች የተመዘገበ የማዕድን ይዞታ ነው። መሬቱ የሕዝብ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ወርቅ የእነርሱ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ማጠብ ስርቆት ነው። በሞተር እየሳበ የሚያጥበው መሣሪያ ግን ከ2009 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ወንዞች ታግዷል፤ ርካሽ አሮጌ ሲሸጥልዎት አይታለሉ።

ምን ያህል እንደሚጠብቁም ማወቅ ይገባዎታል። በ20 ወንፊት አልፎ በ40 የሚቀረው ዓይነት ወርቅ በግምት 12,000 ፍሬ ነው አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም የሚሞላው፤ ከ40 በታች የሚያልፈው ደግሞ 40,000 ፍሬ ያህል ይፈጃል። በጠዋት ወርደው እስከ ማታ 40 ሳህን አጥበው ከእያንዳንዱ አሥር ፍሬ ቢያገኙ፣ ፍሬው ሻካራ ከሆነ አንድ ግራም ያህል፣ ዱቄት ከሆነ ሲሶ ግራም ይሆናል። ይህ ደግሞ በጣም የተሳካ ቀን ነው። ለመዝናኛ የሚወርድ ሰው ቤንዚኑን እንዲመልስለት መጠበቅ የለበትም።

ውኃው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በግንቦትና በሰኔ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ያበጠና ጎበዝ ዋናተኛን የሚያደነዝዝ ብርድ ያለው ስለሆነ ተዉት፤ ከነሐሴ እስከ መጀመሪያው የጥቅምት ዝናብ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከላይ የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ። በመካከለኛውና በደቡባዊው ቅርንጫፍ ውኃ በሰዓት ተለቅቆ ስለሚመጣ፣ ጠዋት በእግር የተሻገሩት ስፍራ ከሰዓት በኋላ መመለሻ ላይሆን ይችላል። ወደ ደሴት ወይም ወደ ማዶ አለት ከመሻገርዎ በፊት የዕለቱን የአለቃቀቅ ሰዓት ይመልከቱ፣ አንድ ድንጋይ በውኃው ጠርዝ ላይ አድርገውም በየሩብ ሰዓቱ ይቃኙት። እጅዎን በማያዩት ስንጥቅ ውስጥ አይክተቱ፤ መርዘኛ እባብ በሞቀ አለት ሥር ያርፋል። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን ኦክ የተባለው ቁጥቋጦም ዳርቻው ላይ ሞልቷል፣ ቆዳ ያሳክካል።

የአሶሳው ጉዳይ ጥሩ ንጽጽር ነው። የእንጨቱ ገበቴ እርከን የለውም፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነው፤ ከእርስዎ ሳህን የተሻለ ሆኖ አይደለም። አጣቢዎቹ ቦታውን ቀድመው የመረጡ ናቸው። ጉድጓድ ቆፍረው ላይኛውን አፈር ጥለው ወርቅ ያለበት የጠጠር ንጣፍ ላይ ሲደርሱ ያንን ብቻ አውጥተው ነው ወደ ውኃ የሚወስዱት። እርስዎ ያዩት የሥራውን መጨረሻ ነው፤ ቀን ሙሉ የሚፈጀው ቁፋሮ ከዚያ በፊት አልቋል። ለዕረፍት አገር ቤት ሲሄዱ ሳህኑን ሻንጣ ውስጥ ለመክተት አስበው ከሆነ ግን ይተዉት። በኢትዮጵያ ማዕድን ያለ ፈቃድ ማውጣት ሕገ ወጥ ነው፤ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የማምረት ፈቃድም ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው አይሰጠውም። ከአጣቢዎቹ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ማየት ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ ሲያዩ ገበቴውን ስንት ጊዜ ነቅንቀው ስንት ጊዜ እንደሚያፈስሱ ይቁጠሩ።